በላክሰንበርግ ቤተ መንግሥት የተሠራው የጋራ ስሌት

የሥርዓት ትንተና የሚባለው የጥናት ዘርፍ አንድን ችግር ከአካባቢው ነጥሎ ከመመርመር ይልቅ፣ ችግሩ ከሌሎች ነገሮች ጋር የተሳሰረበትን መረብ፣ አንዱ ክር ሲነካ ሌላው የሚንቀሳቀስበትን መንገድ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ የመፍትሔ አማራጭ የሚጠይቀውን ወጪና የሚያስገኘውን ጥቅም በቁጥር ለማሳየት የሚጥር ሲሆን፣ ሥሩ የሚመዘዘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ጦር ምክር ይሰጡ ከነበሩ የሳይንስ ሊቃውንት ሥራ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፓትሪክ ብላኬት የመሩት ቡድን ብዙ የንግድ መርከቦችን በአንድነት አጅቦ አትላንቲክን ማሻገር በትናንሽ ቡድን ከፋፍሎ ከመላክ የበለጠ እንደሚያድን ያሳየው፣ የመርከቦቹ ቁጥር ሲበዛ አጃቢዎቹ የሚጠብቁት ዙሪያ በዚያው ልክ እንደማይሰፋ አስልቶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ይኸው ጥበብ በካሊፎርኒያው ራንድ ኮርፖሬሽን የኑክሌር ጦርነት መቀመሪያ ሆነ። ከዚህ ምንጭ የፈለቀ ዕውቀት ሐይቆችን፣ ደኖችንና እርሻዎችን ለመታደግ መዋሉ፣ ያውም ሚሳይል በተደጋገኑት በሁለቱ ኃያላን የጋራ ድካም መሆኑ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ያህል ያልተነገረለት ምዕራፍ ነው።

የዚህ የጋራ ሥራ ሐሳብ ከአሜሪካ በኩል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የቀድሞ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪያቸውን ማክጆርጅ በንዲን የበለጸጉ አገሮች ሁሉ የሚጋሯቸውን ችግሮች የሚያጠና ተቋም ስለ ማቋቋም ከሶቪየት ኅብረት ጋር እንዲነጋገሩ ላኳቸው። በሞስኮ በኩል ጉዳዩን የያዙት የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአሌክሲ ኮሲጊን አማች የነበሩት ዠርመን ግቪሺያኒ ነበሩ። ድርድሩ ስድስት ዓመት ፈጀ። በመካከሉ በ1968 የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ገቡ፤ የቬትናም ጦርነትም በረታ፤ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ምዕራባውያኑ እንደ መንግሥት ያልተቀበሏት ምሥራቅ ጀርመን በምን ስም ትፈርማለች የሚለው ጥያቄ እንቅፋት ሆኖ ቆየ። ለዚህ የተገኘው መላ ተቋሙን የመንግሥታት ሳይሆን የሳይንስ ድርጅቶች ማኅበር ማድረግ ነበር። ስለዚህ ኦክቶበር 4 ቀን 1972፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 24 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ለንደን በሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ተሰብስበው የዓለም አቀፉን የተግባራዊ ሥርዓት ትንተና ተቋም (ኢያሳ) መመሥረቻ ቻርተር የፈረሙት የአሥራ ሁለት አገሮች የሳይንስ ድርጅቶች ተወካዮች እንጂ አምባሳደሮች አልነበሩም። ይህ የአሠራር ብልሃት ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ተቋሙን በኋላ ከመጡት ማዕበሎች ያሻገረው እሱ ነው።

መኖሪያ የሰጠችው ገለልተኛዋ ኦስትሪያ ነበረች። ከቪየና በስተደቡብ የሚገኘው የላክሰንበርግ ቤተ መንግሥት የሀብስበርግ ነገሥታት የበጋ ማረፊያ የነበረና አልጋ ወራሹ ልዑል ሩዶልፍ በ1858 የተወለዱበት ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ተጎሳቁሎ የቆየውን ሕንፃ የኦስትሪያ መንግሥት አድሶ በዓመት አንድ ሽልንግ ብቻ በሚከፈልበት የስም ኪራይ ለተቋሙ አስረከበ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሃርቫርዱ ሃዋርድ ራይፋ ሲሆኑ፣ እኚህ ሰው በእርግጠኝነት በማይታወቁ ሁኔታዎች ውስጥ ውሳኔ ስለሚሰጥበት ሥርዓት ከጻፉት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ፤ ኋላም የድርድርን ጥበብ ዋና ጥናታቸው አድርገውታል። ተቋሙ የሚያጠናቸውን ጉዳዮች በሁለት ከፈለ፤ አንደኛው እንደ አየር ንብረት ድንበር የማያውቅና አንድ አገር ብቻዋን የማትፈታው ችግር፣ ሁለተኛው ደግሞ እንደ ከተማ አስተዳደርና እንደ ጤና ሁሉም በየአጥሩ ውስጥ የሚገጥመው ነገር ግን አንዱ ከሌላው ሊማርበት የሚችል ችግር ነበር። ወታደራዊ ጉዳይ ከመጀመሪያው ከጠረጴዛው ተነሥቷል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ላክሰንበርግ ከመጡት መካከል ውስን ሀብትን በተሻለ መንገድ ለማከፋፈል የሚያገለግለውን የሊኒየር ፕሮግራሚንግ ስሌት ያበለጸጉት ጆርጅ ዳንትዚግና በ1975 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከሶቪየቱ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች ጋር የተጋሩት ቻሊንግ ኮፕማንስ ይገኙበታል። ከሁሉም ይልቅ በአካባቢ ፖሊሲ ላይ ረጅም ጥላ ያጠሉት ግን ካናዳዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ሲ. ኤስ. ሆሊንግ ናቸው። ሆሊንግና ባልደረቦቻቸው የመረመሩት በምሥራቅ ካናዳ የጥድ ዝርያ ደኖችን በየጥቂት አሥርተ ዓመታት እየተነሣ የሚያወድም የእሳት ራት እጭ ነበር። ደኑ ወጣት ሳለ ወፎች እጮቹን እየለቀሙ ቁጥራቸውን ይገታሉ፤ ዛፎቹ አድገው ቅጠላቸው ሲበዛ ግን ወፎቹ በዚያ ሁሉ ቅጠል መካከል የሚበሉትን ማግኘት ስለሚሳናቸው እጩ በድንገት ይፈላል፤ ያረጁትን ዛፎች ከጨረሰ በኋላም ራሱ ተርቦ ያልቃል፤ አዲስ ደንም ይበቅላል። በኒው ብረንስዊክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከአውሮፕላን የተረጨው ፀረ ተባይ ዛፎቹን ከሞት አተረፋቸው፤ ነገር ግን ዛፎቹ በመትረፋቸው የተባዩም ምግብ አብሮ ተረፈና፣ ይመጣና ይሄድ የነበረው መቅሠፍት በሰፊ አካባቢ ላይ ተንሰራፍቶ የሚኖር፣ ርጭቱ በቆመ ዓመት የሚፈነዳ አደጋ ሆነ። ሆሊንግ በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ የማገገም አቅም የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ያስተዋወቁ ሲሆን፣ ትርጉሙም አንድ ሥርዓት ምንም ሳይነካው የሚቆምበት ጽናት ሳይሆን ተመትቶም ማንነቱን ሳያጣ የሚቀጥልበት ችሎታ ማለት ነው። የተፈጥሮን መለዋወጥ በኃይል ለማስቆም የሚደረግ አስተዳደር ይህንን ችሎታ እንደሚሸረሽረው ማሳየታቸው ከዚያ ወዲህ በዓሣ ሀብት፣ በግጦሽ መሬትና በጎርፍ ቁጥጥር ላይ የሚሠሩትን ሁሉ ሲያስተምር ኖሯል።

የተቋሙ ትልቁ ሥራ ተብሎ የታሰበው ግን የኃይል ጥናቱ ነበር። በጀርመናዊው የኑክሌር ፊዚክስ ሊቅ በቮልፍ ሄፈለ መሪነት ዓለምን በሰባት ቀጣናዎች ከፍሎ እስከ 2030 ያለውን የኃይል ፍላጎትና አቅርቦት የተነበየው ይህ ጥናት በ1981 ሲታተም፣ በ1975 ወደ 8 ቴራዋት ገደማ የነበረው የዓለም ፍጆታ (አንድ ቴራዋት አንድ ትሪሊዮን ዋት ነው) በ2030 በዝቅተኛው ግምት ወደ 22፣ በከፍተኛው ወደ 36 እንደሚደርስ፣ ለዚህም በአብዛኛው በድንጋይ ከሰልና በኑክሌር ኃይል ላይ መደገፍ ግድ እንደሚሆን አስታወቀ። በተቋሙ ውስጥ የሠራው ወጣት የሒሳብ ሊቅ ቢል ኪፒን ሞዴሎቹን አንድ በአንድ ሲፈትሽ ያገኘው ነገር ግን አስደንጋጭ ነበር። ከብሪያን ዊን ጋር በ1984 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ውጤቶቹ በአብዛኛው አጥኚዎቹ ከመነሻው ያስገቧቸው ግምቶች ቅጂ መሆናቸውን፣ በዋጋ ግምት ላይ የሚደረግ ጥቂት ለውጥም የኃይል ምንጮቹን ድርሻ ከሥሩ እንደሚገለብጠው አሳዩ። ጊዜም ፍርዱን እየሰጠ ነው፤ ጥናቱ ለ2030 የገመተውን ስምንት ቢሊዮን የሕዝብ ብዛት ዓለም በ2022 ስትደርስበት፣ የኃይል ፍጆታዋ ግን እስካሁን ከዝቅተኛው ግምት በታች ወደ 20 ቴራዋት ገደማ ነው። የተሳሳተ ግምት በሳይንስ ውስጥ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ግምቱ የገባበት በር ከአንባቢው ተሰውሮ መደምደሚያው ብቻ በኮምፒዩተር ስም ሲታወጅ ነው፤ የላክሰንበርግ ታሪክ ሊታወስ የሚገባው በዚህ ስሕተትና ከስሕተቱ በኋላ በተመረጠው የተለየ መንገድ ነው።

ወደዚያ ከመሻገር በፊት የአፍሪካ አንባቢ በቀጥታ የሚመለከተው አንድ ሥራ አለ። ተቋሙ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ጋር ሆኖ በ1982 ያወጣው ጥናት የ117 ታዳጊ አገሮች መሬት ስንት ሰው ሊመግብ እንደሚችል ያሰላ ሲሆን፣ መነሻው ሥነ ምህዳራዊ የእርሻ ቀጣና የሚባለው አከፋፈል፣ ይኸውም የሙቀቱን መጠን፣ የአፈሩን ዓይነትና እርጥበቱ ሰብል ለማብቀል የሚበቃባቸውን ቀናት ብዛት አጣምሮ መሬትን በዓይነት የሚለይ ዘዴ ነበር። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ምድሩን በከፍታና በብርድ ሙቀቱ ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ዘር ሲመርጥ ለኖረ ገበሬ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ይህ ዓይነቱ ዕውቀት በካርታና በቁጥር ተተርጉሞ አህጉሮችን ለማነጻጸር መቻሉ ነው። ጥናቱ ያለ ማዳበሪያና ያለ ተሻሻለ ዘር በእጅ መሣሪያ ብቻ የሚታረስ መሬት በ2000 ከአገሮቹ ከግማሽ የሚበልጡትን መመገብ እንደማይችል አስጠነቀቀ። በኋላም በቮልፍጋንግ ሉትዝ የሚመራው የተቋሙ የሥነ ሕዝብ ክፍል መቀመጫውን አዲስ አበባ ላደረገው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሕዝብ ብዛትን፣ የመሬት መራቆትን፣ ትምህርትንና የምግብ ዋስትናን በአንድ የሚያሰላ ሞዴል አዘጋጅቷል።

የተለየው መንገድ የተገኘው በአሲዳማ ዝናብ ጉዳይ ነው። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት ቃጠሎ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከዳመና ጋር ተዋሕዶ እንደ አሲድ የሚዘንብ ሲሆን፣ ስዊድናዊው የአፈር ሊቅ ስቫንቴ ኦደን በ1967 እንዳስገነዘቡት የስካንዲኔቪያን ሐይቆች ዓሣ አልባ ያደረገው ጢስ ብዙው የመጣው ከሌሎች አገሮች ጭስ ማውጫዎች ነበር። በ1979 ጄኔቫ ላይ ምሥራቁንም ምዕራቡንም ያካተተ ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት ተፈረመ፤ በ1985 በሄልሲንኪ ደግሞ ፈራሚዎቹ ሁሉ ልቀታቸውን በ1993 ከ1980ው ቢያንስ በ30 በመቶ እንዲቀንሱ ተወሰነ። ለሁሉም እኩል የሆነ ቁጥር ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን የአንዱ አገር ጢስ ባሕር ላይ ሲወድቅ የሌላው ጢስ ኖራ በሌለው፣ አሲድን ማርከስ በማይችል የግራናይት ምድር ላይ ይወርዳል፤ አንዱ በርካሽ የሚቀንሰውን ሌላው ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ እኩል በመቶ እኩል ጥቅምም እኩል ሸክምም አይደለም። እንግሊዝና ፖላንድ ሳይፈርሙ ቀሩ።

በኔዘርላንዳዊው ሌን ሆርዳይክ መሪነት በ1980ዎቹ የተሠራውና ሬይንስ የተባለው ሞዴል ይህን ቋጠሮ የፈታው በአራት ደረጃ በተያያዘ ስሌት ነው፤ እያንዳንዱ አገር ምን ያህል እንደሚለቅ፣ ልቀቱን መቀነስ ምን ያህል እንደሚያስወጣ፣ ነፋሱ ጢሱን የት እንደሚያወርደው፣ የወረደበት አፈርና ውኃም ሳይጎዳ ምን ያህሉን እንደሚችል ያሰላል። የመጨረሻው መጠን፣ ማለትም ተፈጥሮ የምትሸከመው ጣሪያ፣ የድርድሩ ማዕዘን ድንጋይ ሆነ። የዚህ ሥራ ትልቁ ጥበብ በስሌቱ ውስብስብነት ላይ አልነበረም፤ እንዲያውም ሞዴሉ ሆን ተብሎ ተደራዳሪዎች በግል ኮምፒዩተር ሊሞክሩት እስኪችሉ ድረስ ቀለል ብሎ ነበር የተሠራው። የነፋሱ ስሌት የመጣው ከኖርዌይ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም፣ የአፈሩ ጣሪያም እያንዳንዱ አገር በራሱ ሊቃውንት ካዘጋጀው ካርታ ነበር። የፖላንዱ ተወካይ ስለ ፖላንድ የገባውን ቁጥር የሚያውቀው የራሱ ሰዎች ስላቀረቡት ነው፤ ሊከራከርበትም ሊያርመውም ይችል ነበር። ከሞዴሉ የሚጠበቀውም የወደፊቱን መተንበይ ሳይሆን ይህን ብታደርጉ ይህ ይሆናል እያለ አማራጮችን መዘርዘር ነበር።

በዚህ መካከል ተቋሙ ራሱ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። የሬገን አስተዳደር ከሶቪየቶች ጋር የሚደረገውን ትብብር በጥርጣሬ በማየቱ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ከ1982 በኋላ ከአባልነት ወጣ፤ የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲም ተከተለው። ያን ጊዜ አባልነቱ የመንግሥት አለመሆኑ ጠቀመ፤ በማሳቹሴትስ የሚገኘው የአሜሪካ የኪነ ጥበባትና የሳይንስ አካዳሚ የአገሩን ወንበር ተረክቦ ያዘ።

በጁን 1994 ኦስሎ ላይ የተፈረመው ሁለተኛው የሰልፈር ፕሮቶኮል ከሬይንስ ስሌት በመነሣት፣ በየአካባቢው በሚወርደው አሲድና ተፈጥሮ በምትሸከመው ጣሪያ መካከል ያለውን ልዩነት በ60 በመቶ ማጥበብን ግብ አደረገ። በዚህ ጊዜ የአገሮቹ ግዴታ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ጀርመን በ2005 ከ1980ው መጠን 87 በመቶ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለመፈረም እምቢ ብላ የነበረችው እንግሊዝ በ2010 80 በመቶ ለመቀነስ ቃል ሲገቡ፣ ለግሪክ ደግሞ በ1980 ከነበራት ልቀት ከፍ ያለ ጣሪያ ተተወላት። በ1999 የጎተንበርግ ፕሮቶኮል ናይትሮጅንና ሌሎች በካዮችን ጨምሮ በዚሁ መንገድ ተዘጋጀ። ከ1980 ወዲህ የአውሮፓ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ70 በመቶ በላይ ወርዷል። ለውጡን ሁሉ ለስሌቱ መስጠት ትክክል አይሆንም፤ በምሥራቅ አውሮፓ ከኮሙኒዝም ውድቀት በኋላ የተዘጉት አሮጌ ፋብሪካዎችና ከድንጋይ ከሰል ወደ ተፈጥሮ ጋዝ የተደረገው ሽግግር ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሞዴሉ ያደረገው፣ ይህም ትንሽ አይደለም፣ ተጠራጣሪ ወገኖች በማን ቁጥር እንነጋገር በሚለው ላይ መጣላታቸውን ትተው ማን ምን ያህል ይክፈል ወደሚለው እውነተኛ ጥያቄ እንዲደርሱ ማብቃቱ ነው። ዛሬ ስለ አየር ንብረት ለውጥ፣ ስለ ወንዝ ውኃና ስለ መሬት አጠቃቀም ሞዴል የሚያዙ መንግሥታትና የሚሠሩ ሊቃውንት ከመደምደሚያው አስቀድመው ቁጥሩ ከማን እንደመጣና ማን ሊያርመው እንደሚችል ሊጠይቁ ይገባል።

በደቡብ ኖርዌይ ወንዞች ውስጥ ሳልሞን እየተመለሰ ነው። ከአፈራቸው ካልሲየም ታጥቦ ባለቀባቸው አካባቢዎች ግን የሐይቆቹ ውኃ ሙሉ በሙሉ አላገገመም፤ በኖርዌይና በስዊድን ዛሬም ኖራ ይጨመርበታል።