ዲጂታል ዞሮ አደር፦ የአንድ አዲስ ስያሜ ማብራሪያ

ዲጂታል ዞሮ አደር ማለት መተዳደሪያውን በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት ብቻ በሚሠራ ሥራ ላይ ያደረገ፣ ሥራው ከአንድ ቢሮም ሆነ ከአንድ ከተማ ጋር ስለማያስረው የሚኖርበትን አገር በየጊዜው እየለወጠ የሚኖር ሰው ነው። ጽንሰ ሐሳቡን በስም ያስተዋወቀው ጃፓናዊው የሴሚኮንዳክተር መሐንዲስ ጹጊዮ ማኪሞቶና እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዴቪድ ማነርስ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት መጽሐፍ ሲሆን፣ ደራሲዎቹ የመገናኛ መሣሪያዎች መጠናቸው እያነሰ፣ ፍጥነታቸው እየጨመረ ሲሄድ የሰው ልጅ በአንድ ስፍራ ረግቶ የመኖር ግዴታው እንደሚላላ ተንብየው ነበር።

በአማርኛ አልፎ አልፎ የሚታየው አተረጓጎም «ዲጂታል ዘላን» ነው። ይሁን እንጂ «ዘላን» የከብት አርቢውን አኗኗር ከመግለጽ አልፎ ለረጅም ዘመን የስድብ ቃል ሆኖ ስላገለገለ፣ ዛሬ በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው የአፋርን ወይም የቦረናን ሕዝብ በዚህ ቃል አይጠራም፤ «አርብቶ አደር» ይላል እንጂ። ይኸው «አደር» የሚለው ቃል አርሶ አደርን በእርሻው፣ ወዝ አደርን በጉልበቱ እንደሚያስጠራ ሁሉ አዲሱንም ሰው በመተዳደሪያው ማስጠራት ስለሚችል፣ «ዞሮ አደር» የሚለው ስያሜ ከቋንቋው ልማድ ጋር ይስማማል። ከሁሉ በላይ ግን ትኩረቱን ከጉዞው ወደ እንጀራው ይመልሰዋል፤ ጉዳዩን በትክክል ለመረዳት መነሻ መሆን ያለበትም ይህ ነው።

በአንድ ድርጅት በደመወዝ ተቀጥሮ ከቤቱ የሚሠራ ሰው የርቀት ሠራተኛ ነው፤ ግብሩንና የጡረታ መዋጮውን በአብዛኛው አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ይከፍልለታል። በግሉ የሚሠራው ተርጓሚ፣ ፕሮግራመር ወይም የግራፊክስ ባለሙያ ግን የራሱ አሠሪም ሠራተኛም ስለሆነ ደንበኛ መፈለግ፣ ውል መዋዋል፣ ሒሳብ መያዝ፣ ሲታመም የሚያሳክመውን መድን መግዛትና ለእርጅናው መቆጠብ ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በአሜሪካ ሕግ ተቀጣሪው ከአሠሪው ጋር እኩል የሚጋራውን የማኅበራዊ ዋስትናና የሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) መዋጮ በግሉ የሚሠራው ሰው ሁለቱንም ድርሻ ችሎ የሚከፍለው ሲሆን፣ መጠኑም 15.3 በመቶ ነው።

የመኖሪያ ፈቃዱ ነገር ለብዙ ዓመታት ሕግ ያልደረሰበት ክፍተት ነበር። ዞሮ አደሩ በጎብኚ ቪዛ ይገባል፣ ላፕቶፑን ከፍቶ ይሠራል፣ ቪዛው ሲያበቃ ወደ ሌላ አገር ይሻገራል፤ የጎብኚ ቪዛ ግን በአብዛኛው ሥራ ስለማይፈቅድ አኗኗሩ ከሕግ ጋር የሚያጋጭ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ቱሪዝምን ባደረቀበት እ.ኤ.አ. በ2020 ኢስቶኒያና ባርቤዶስ ለእነዚህ ሠራተኞች የተለየ ፈቃድ መስጠት ጀመሩ፤ ክሮኤሺያ በ2021፣ ፖርቱጋል በ2022፣ ስፔን በ2023 ተከተሉ። ፈቃዶቹ የሚመሳሰሉበት ዋና ነጥብ ገቢው ከፈቃዱ ሰጪ አገር ውጭ እንዲመጣ መጠየቃቸው ነው፤ አገሩ የሚፈልገው ሥራ የሚሻማ ሰው ሳይሆን ገንዘብ ይዞ መጥቶ የሚያጠፋ ሰው ነውና። ፖርቱጋል የአገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ የሚያህል የወር ገቢ ትጠይቃለች። ይህ ገንዘብ የሊዝበንን ቤት ኪራይ ከነዋሪው አቅም በላይ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ከፈቃዱ ይልቅ የሚከብደው ግብር ነው። ብዙ አገሮች በዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የቆየን ሰው የግብር ነዋሪ አድርገው ይቆጥራሉ፤ የኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግም ይህንኑ መለኪያ ይዟል። በየትኛውም አገር ያን ያህል የማይቆይ ሰው ከግብር ነጻ ይወጣል ብሎ ማሰብ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቋሚ ቤት፣ ቤተሰብና የቀድሞ አገር ምዝገባ ሁሉ ይታያሉና። አሜሪካ ደግሞ ዜጎቿን በየትም ቢኖሩ ግብር ስለምታስከፍል፣ ዜግነት ያገኘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሊዝበንም ሆነ ከናይሮቢ ቢሠራ ገቢውን ለአሜሪካ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ግሪን ካርድ የያዘው ጭንቀቱ እጥፍ ነው፤ ያለ መመለሻ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ቋሚ ነዋሪነቱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ዞሮ አደርነት በሙያ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ፓስፖርትም ይወስነዋል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለውጭ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚጽፍ ወጣት ችሎታው ከጀርመናዊው እኩያው ባያንስም፣ ጀርመናዊው ያለ ቪዛ የሚገባበትን አገር ደጅ ለመርገጥ እርሱ የባንክ መግለጫና የቀጠሮ ወረፋ ይጠበቅበታል። ልዩነቱ በይበልጥ ገዝፎ የሚታየው በባሕረ ሰላጤው ነው። ዱባይ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለርቀት ሠራተኞች የአንድ ዓመት ፈቃድ የምትሰጥ ሲሆን፣ ባለ ፈቃዱ የአገር ውስጥ አሠሪ ዋስትና ሳያስፈልገው ራሱን ችሎ ይኖራል። በዚያው ከተማ በቤት ሠራተኝነት የምትኖረው ኢትዮጵያዊት ግን ከፋላ በተባለው ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከዚያ ቤት ያለ ፈቃድ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትባላለች። ሁለቱም ከአገራቸው ርቀው ለእንጀራቸው ይሠራሉ፤ ዞሮ አደር የሚለው ስም ግን ለእርሷ የማይሰጠው ዞራ የመሥራት መብቱ ስለሌላት ነው።