የሠራተኛው ማኅደርና የሐኪሙ ወረቀት፦ ከአሜሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ታሪክ

መግቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአበው ብሂል። የተጻፈውን ማን ይወርሰዋል፣ ለምን ተግባርስ ያውለዋል የሚለውን ጥያቄ ግን ብሂሉ ክፍት ይተወዋል። የመንግሥት ሠራተኛ የግል ማኅደር ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከሚታይባቸው ጽሑፎች አንዱ ነው። ቅጥር፣ ደመወዝ፣ እድገት፣ ዝውውር፣ ቅጣትና ጡረታ የሚወሰኑት ማኅደሩን በማገላበጥ ነው። በውስጡም ብዙ ጊዜ በጤና ባለሙያ እጅ የተጻፈ ወረቀት ይገኛል፤ የቅጥር ምርመራ ውጤት፣ የሕመም ፈቃድ ማስረጃ ወይም የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ። ባለሙያው ወረቀቱን ፈርሞና ማኅተም አስደርጎ ከሰጠ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያነበውና ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ እምብዛም አይጠይቅም።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ወረቀት ጉዞ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ታሪክ ውስጥ ይከተላል። አገሪቱ የተመረጠችው ማኅደር ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ፣ ያለ አግባብ ሲገለጥም ምን እንደሚከተል ሁለቱንም በሰፊው አይታ በመዝገብ ያስቀረች በመሆኗ ነው።

ከሹመት ልማድ ወደ ማኅደር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ የመንግሥት ሥራ የሚገኘው በአብዛኛው በፓርቲ ውለታ ነበር። ምርጫ ያሸነፈው ወገን የቀድሞውን ሠራተኛ አሰናብቶ ደጋፊዎቹን ይሾም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሹመት ፈልጎ ባጣ ቻርልስ ጊቶ በተባለ ሰው በጥይት ተመትተው፣ ከሁለት ወራት በላይ ከተሠቃዩ በኋላ አረፉ። በሕክምና ታሪክ ይህ ሞት የሚታወሰው ሐኪሞቹ ባልታጠበ እጅ ቁስሉን ደጋግመው በመመርመራቸው ነው። በአስተዳደር ታሪክ ግን የሚታወሰው ለአዲስ ሕግ መውጣት ምክንያት በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1883 የጸደቀው የፔንድልተን ሕግ የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽንን አቋቁሞ፣ በመጀመሪያ ለተወሰኑ የሥራ መደቦች፣ ቅጥር በውድድር ፈተና እንዲሆን ደነገገ።

ሰውን በችሎታው ለመቅጠር ችሎታውን በጽሑፍ መያዝ ግድ ሆነ። የፈተና ውጤቱ በመዝገብ የሰፈረለት ሠራተኛ በባለሥልጣን ፈቃድ ብቻ ከቦታው የሚነሣ አልሆነም። ስለዚህ መዝገቡ በጅምሩ ለሠራተኛው ጋሻ ነበር።

ጋሻው ብዙም ሳይቆይ ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1914፣ በፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ዘመን፣ ኮሚሽኑ አመልካቾች ፎቶግራፍ እንዲያቀርቡ ጠየቀ። የተሰጠው ምክንያት በሌላ ሰው ስም ፈተና መቀመጥን መከላከል የሚል ነበር። ነገር ግን ቀጣሪው ከፍተኛ ውጤት ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱን የመምረጥ ሥልጣን ስለነበረው፣ ፎቶግራፉ ጥቁር አመልካቾችን ለይቶ ለማለፍ አመቺ መሣሪያ ሆነ። ግዴታው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሆን በምትኩ የጣት አሻራ ተተካ። ለአንድ ዓላማ ተብሎ ወደ ማኅደር የገባ ወረቀት ለሌላ ዓላማ ለመዋል ጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚበቃው ይህ ምሳሌ ያሳያል።

የሐኪም ወረቀት በዚህ ረገድ ከፎቶግራፉ የተለየ ዕድል አልገጠመውም። እ.ኤ.አ. በ1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን የፌዴራል ሠራተኞችን ታማኝነት የሚያጣራ ትእዛዝ አወጡ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1953 ደግሞ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ያወጡት ትእዛዝ ቁጥር 10450 ሠራተኛን ለአገር ጸጥታ የማያስተማምን ሊያሰኙ ከሚችሉ ነገሮች መካከል፣ ስለ መዳኑ አጥጋቢ ማስረጃ ያልቀረበበትን ከባድ የአእምሮ ወይም የነርቭ ሕመም ሕክምና ቆጠረ። መታከም ራሱ በማኅደር የሚሰፍር ጥርጣሬ ሆነ ማለት ነው። በ1954 ድንጋጌው ተሻሽሎ፣ ሕመሙ የሠራተኛውን ማስተዋል ወይም ታማኝነት የሚያዛባ መሆኑ በሐኪም አስተያየት እንዲመዘን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የሐኪሙ አስተያየት የሠራተኛውን እንጀራ የሚነካ ሆነ።

የዚህ አሠራር ጥላ ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ፣ በውጊያ ምክንያት የደረሰን የመንፈስ ጭንቀት ለማቃለል የምክር አገልግሎት ያገኙ ሰዎች ይህንኑ በጸጥታ ማጣሪያው ቅጽ ላይ እንዲያሰፍሩ የማይገደዱ መሆናቸውን አስታወቁ። ለለውጡ ምክንያት የሆነው ወታደሮች የሥራ ዕድላቸው እንዳይበላሽ በመፍራት ከሕክምና መሸሻቸው ነው። በ1953 የተጻፈ ሐሳብ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ሕመምተኛን ከሐኪም ደጅ ይመልስ ነበር።

የአንድ ወር ሁለት ትምህርቶች

ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1973) ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ፣ በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ስድስተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። ሕንፃው ከሥራ የተሰናበቱ ወታደሮች ማኅደሮች በብዙ ሚሊዮን ተከማችተው የሚገኙበት ነበር። መዛግብቱ በተደረደሩባቸው ክፍሎች ውሃ የሚረጭ አውቶማቲክ የእሳት ማጥፊያ አልነበረም። እሳቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ የተባለው ከአራት ቀናት በኋላ ነው፤ መንሥኤውም በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመቱ ማኅደሮች ወደሙ። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ወታደሮች ማኅደር 80 በመቶ ያህሉ ጠፋ። ከአየር ኃይልም እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1964 የተሰናበቱት፣ በፊደል ተራ ሀባርድ ከሚለው ስም በኋላ ያሉት፣ 75 በመቶ ያህሉ ጠፋ። ማኅደሮቹ ቅጂ አልነበራቸውም፤ ማይክሮፊልም አልተነሡም፤ ማውጫም አልተዘጋጀላቸውም። ስለዚህ የማን ማኅደር እንደተቃጠለ እንኳ ዘርዝሮ ማወቅ አልተቻለም።

የጥፋቱ ትርጉም ይበልጥ የሚገባው ለጤና ባለሙያ ነው። በጦርነት የቆሰለ ወይም በአገልግሎት ላይ ሳለ የታመመ ሰው የመንግሥት ሕክምናና የጉዳት ካሣ ለማግኘት፣ ጉዳቱ በአገልግሎት ዘመኑ የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። ጠባሳው በገላው ላይ አለ፤ ጠባሳው የትና መቼ እንደተገኘ የሚናገረው ወረቀት ግን አመድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥረት ለመዝገብ ቤት ባለሙያዎች ትምህርት ሆኖ ቆይቷል። በእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃ የራሰው ወረቀት በሐምሌ ሙቀት መሻገት ስለጀመረ ታይሞል በተባለ ፀረ ሻጋታ ተረጨ። ከዚያም አየር በሚመጠጥባቸው ትላልቅ ክፍሎች ውስጥ እንዲደርቅ ተደረገ። በዚህ መንገድ 6.5 ሚሊዮን ያህል ማኅደሮች በሙሉም ሆነ በከፊል ተረፉ። የቀሩትን ለመተካት የደመወዝ ሰነዶችና በሌሎች መሥሪያ ቤቶች የተገኙ ወረቀቶች ተፈላለጉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ያልታሰበ እርዳታ መጣ። የጦሩ የሕክምና መምሪያ ለስታቲስቲክስ ሥራ ብሎ ያጠናቀረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1945 እና ከ1950 እስከ 1954 ወደ ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን የሚመለከት 10 ሚሊዮን ያህል መረጃ በኮምፒውተር ቴፕ ተቀምጦ ተገኘ። መረጃው የተያዘው በስም ሳይሆን በአገልግሎት ቁጥር ነበር። በሆስፒታል መዝገብ የሰፈረች አንዲት መስመር ከአርባ ዓመታት በኋላ የአንድን ሽማግሌ መብት ልታስመልስ በቃች።

በዚያው በጁላይ 1973፣ የአሜሪካ የጤና፣ የትምህርትና የበጎ አድራጎት ሚኒስቴር ያቋቋመው አማካሪ ኮሚቴ ስለ መዛግብት፣ ስለ ኮምፒውተሮችና ስለ ዜጎች መብት ያጠናውን ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ አምስት መርሆዎችን አቀረበ። በምሥጢር የሚያዝ የግል መረጃ ሥርዓት መኖር የለበትም። ሰው ስለ እርሱ የተያዘውንና የሚውልበትን ማወቅ አለበት። ለአንድ ዓላማ የሰጠው መረጃ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ዓላማ መዋል የለበትም። ስሕተት ካለበት ማረም መቻል አለበት። መረጃውን የሚይዘውም ድርጅት ለታማኝነቱና ለጥበቃው ኃላፊ ነው። እሳቱ ማኅደር ሲጠፋ የሚደርሰውን ባሳየበት ወር፣ ሪፖርቱ ማኅደር ያለ ገደብ ሲገለጥ የሚደርሰውን አስጠነቀቀ።

ፕሬዚዳንት ፎርድ ዲሴምበር 31 ቀን 1974 የፈረሙት የግል ምሥጢር ጥበቃ ሕግ በእነዚህ መርሆዎች ላይ የተመሠረተ ነው። በሕጉ መሠረት ሠራተኛው ማኅደሩን ማየትና እርማት መጠየቅ ይችላል። መረጃው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሰጠው ለሥራው ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው። ወደ ውጭ የሚወጣው ደግሞ በባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ወይም በሕጉ በተዘረዘሩ ልዩ ሁኔታዎች ሲሆን፣ ለማን፣ መቼና ለምን እንደተሰጠ ይመዘገባል። ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ግን መረጃው ከተሰበሰበበት ዓላማ ጋር የሚጣጣምና አስቀድሞ በይፋ የተነገረ አገልግሎት የሚል ነው። ሰፋ ተደርጎ ሊተረጎም ስለሚችል ብዙ ትችት ሲሰነዘርበት ኖሯል። ሕጉ በሩን ቢዘጋም መስኮቱን ክፍት ትቶታል።

ሁለት ማኅደር

እ.ኤ.አ. በ1979 የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ፈርሶ ከተተኩት አካላት አንዱ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው። የፌዴራል ሠራተኛ ማኅደር በየመሥሪያ ቤቱ ቢቀመጥም በሥልጣን ረገድ የዚህ መሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ሠራተኛው ሲዛወር ማኅደሩ ይከተለዋል። በወረቀቱ ዘመን የማኅደሩ ቀኝ ገጽ የቅጥር፣ የደመወዝና የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ የመሳሰሉትን ቋሚ ሰነዶች ይይዝ ነበር፤ ግራው ገጽ ደግሞ ጊዜያዊ የሆኑትን። በዝውውር ጊዜ ጊዜያዊው ተለይቶ ይወጣል። የሠራተኛው ስም፣ የሥራ መደብ፣ ደረጃ፣ ደመወዝና የሥራ ቦታ በመርሕ ደረጃ ለማንም ጠያቂ የሚገለጡ ናቸው፤ ሌላው ግን ተዘግቶ ይቆያል።

በ1980ዎቹ ደንብ ወጥቶለት የተደራጀው ሌላው ክፍል የሠራተኛው የሕክምና ማኅደር ነው። ይህ ከአስተዳደር ማኅደሩ ተለይቶ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ሠራተኛው ሥራ ከለቀቀ በኋላ ለ30 ዓመታት ይጠበቃል። የዘመኑ ርዝመት የበሽታን ጠባይ የተከተለ ነው። አስቤስቶስ የተነፈሰ ሠራተኛ ሜሶቴሊዮማ የሚታይበት ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በየትኛው ክፍል፣ ከምን ጋር ይሠራ እንደነበረ የሚናገር ጽሑፍ ከሌለ ሐኪሙም ዳኛውም እጃቸው ባዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግም የሕክምና መረጃ በተለየ ቅጽና በተለየ ማኅደር እንዲያዝ ደነገገ። አለቃው እንዲያውቅ የተፈቀደለት ሠራተኛው ማድረግ የማይችለውንና የሚያስፈልገውን ማስተካከያ እንጂ የበሽታውን ስም አይደለም።

የዚህ መለያየት ጥቅም በኮምፒውተር ዘመን ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2015 የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤቱ መረጃ በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች መሰረቁ ተገለጠ። የ4.2 ሚሊዮን ሰዎች የሠራተኛ መረጃ፣ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች የጸጥታ ማጣሪያ መረጃ፣ የ5.6 ሚሊዮን ሰዎችም የጣት አሻራ ተወሰደ። በማጣሪያው ቅጽ ላይ ሰዎች ስለ አእምሮ ጤናቸው የሰጡት ቃል ከተሰረቀው መካከል ነበር። ተለይተው በተቀመጡት የጤናና የጡረታ መዛግብት ላይ ግን ጉዳት መድረሱን የሚያሳይ ምልክት እንዳልተገኘ መሥሪያ ቤቱ አስታወቀ። የታመመው ራሱ ለአሠሪው እንዲናገር የተገደደው ወጣ፤ በተለየ ማኅደር የተያዘው ተረፈ።

ማጠቃለያ

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ሩቅ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ሠራተኛው የግል ማኅደሩን እንዲያይና ቅጂ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶ ነበር። ለቅጥር የሚቀርበው የጤና ማስረጃም የኤች.አይ.ቪ. ምርመራን እንዳይጨምር አድርጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል። ሕጉ ግን ሥራ ላይ የሚውለው በየመዝገብ ቤቱና በየምርመራ ክፍሉ ነው።

ማኅደር ሁለት ጠላቶች አሉት፤ መጥፋትና መገለጥ። ከመጀመሪያው የሚያድነው በሚገባ መጻፍ፣ ቅጂ መያዝና ማውጫ ማዘጋጀት ነው። ከሁለተኛው የሚያድነው ለአሠሪው የሚያስፈልገውን ለሕመምተኛው ሕክምና ከሚያስፈልገው መለየት ነው። የሕመም ፈቃድ የሚጽፍ ሐኪም አሠሪው ማወቅ ያለበት ሠራተኛው ስንት ቀን ማረፍ እንዳለበት፣ ሲመለስም ምን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደማይችል መሆኑን ያስታውስ። የቀረው በሕመምተኛው ካርድ ላይ በጥራት ይጻፍ፤ ካርዱም በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሳይጠፋ ይቆይ። በሴንት ሉዊስ እሳት ማስረጃቸውን ላጡት ሽማግሌዎች መብታቸውን ለማስመለስ ከረዱት ጽሑፎች አንዱ፣ ስማቸው በሌለበት በአገልግሎት ቁጥራቸው የተመዘገበው የሆስፒታል መረጃ ነበር።