በ1 ዶላር ተሰጠ፣ በ13 ሚሊዮን ተሸጠ

ጋዜጠኝነት ስንማር የሬዲዮ ጣቢያን በሦስት ከፍለን ሸምድደናል፦ የመንግሥት፣ የንግድ፣ የማኅበረሰብ። ፈተናውንም አለፍን። ግን ጣቢያው የዩኒቨርሲቲ ሲሆንስ የማን ነው? የተማሪው? የአስተዳደሩ? ወይስ ማታ ማታ ከፍቶ የሚያዳምጠው የከተማ ሰው? እስቲ ዋሽንግተን ዲሲ እንሂድ፤ ኤፍ ኤም 90.1 ላይ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

አሜሪካ በ1945 ከኤፍ ኤም ሞገድ ከ88 እስከ 92 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ለትርፍ ላልቆሙ የትምህርት ጣቢያዎች ለይታ አስቀመጠች። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የገቡት በዚህ በር ነው። 90.1 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ነው፤ ጣቢያው ደብሊው ጂ ቲ ቢ ግን በ1970ዎቹ የለየለት ግራ ዘመም ሆኖ አረፈው። ፖለቲካውም፣ የሚያጫውተው ሮክም ለአስተዳደሩ አልተዋጠለትም።

በ1979 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አባ ቲሞቲ ሂሊ ጣቢያውን ዘጉና ሞገዱን ለዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተላለፉ። ዋጋው? አንድ ዶላር! አድማጮች ተቃወሙ፤ ለጣቢያው ድጋፍ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይም ዘ ክራምፕስ የተባለው ባንድ እዚያው ግቢ ውስጥ ተጫወተ። ከታዳሚዎቹ አንዱ ያኔ ገና ልጅ የነበረው ኢያን ማኬይ ነው፤ ኋላ የዲሲን ፓንክ ሙዚቃ ለዓለም ያስተዋወቀው።

አዲሱ ባለቤት የከተማዋ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አብዛኛው ተማሪው ጥቁር ነው። በ1982 በዚያው ሞገድ ደብሊው ዲ ሲ ዩን ከፈተ፤ ሰዉ «ጃዝ 90» ይለው ነበር። ዱክ ኤሊንግተን የተወለደባት ከተማ ቀኑን ሙሉ ጃዝ የምትሰማበት ቤት አገኘች።

ከዚያ ገንዘብ አለቀ። ከተማዋ ከስራ ኮንግረስ በ1995 ሞግዚት ቦርድ ሾመባት፤ ዩኒቨርሲቲውም በጀቱ ሲጎድል መምህራን አባረረ፤ በ1997 ጣቢያውን ለገበያ አወጣ። ሳሌም የተባለ የሃይማኖት ሬዲዮ ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሊወስደው ሲል ተቃውሞ ተነሣ፤ በመጨረሻ ሲ-ስፓን በዚያው ዋጋ ገዛው። ከኦክቶበር 9 ቀን 1997 ጀምሮ ሳክስፎን ይሰማበት በነበረው ሞገድ የፖለቲከኞች ክርክር ይሰማበት ጀመር።

በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ እጅ ተቀየረ። የመጀመሪያው ባለቤት በሐሳብ ተጣላው፣ ሁለተኛው ቸገረው። ሁለቱንም ጊዜ አድማጩ ጮኸ፤ ፈቃዱ ላይ ግን ስሙ አልነበረም። ሁለተኛውን ባለቤት ለመውቀስ ይከብደኛል። መምህር እያባረሩ ጃዝ ማጫወት ቀላል አይደለም።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። በጁላይ 2025 የአሜሪካ ኮንግረስ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ፈቅዶት የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ። ከተጎዱት ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲ ባለቤትነት የተያዙ ናቸው። እኛም አገር እነ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ከፍተዋል። ምርቃቱ ላይ ሁላችንም እናጨበጭባለን። እኔ ግን ከአሁን በኋላ አንድ ነገር መጠየቄ አይቀርም፦ በጀት የጎደለ ቀን ስለ ጣቢያው የሚወስነው ስብሰባ ላይ አድማጩ ወንበር አለው?