ሞገድን ማሰር፦ ከአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ እስከ ቃሊቲ

አገሮች የሬዲዮ ጣቢያዎቻቸው እንዳይጋጩ አስቀድመው የሚመካከሩበትን ዓለም አቀፍ ሥርዓት በአማርኛ ለመሰየም የሚነሣ ሰው “ቅንጅት” ከሚለው ቃል ብዙም የተሻለ አያገኝም። ይሁንና ከ1997ቱ ምርጫ ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው “ቅንጅት” ሲባል ኪሎ ኸርዝ ትዝ አይለውም፤ ትዝ የሚለው ቃሊቲ ነው። በዚያ ስም የሚጠራው ፓርቲ መሪዎች ከበርካታ ጋዜጠኞች ጋር እስከ ሐምሌ 1999 ዓ.ም. ታስረው የቆዩት እዚያ ነበር። ሁለቱን የቃሉን ትርጉሞች ጎን ለጎን ማስቀመጤ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ላስታውስ። በዚያ ሰሞን በቀረበው ክስ ከተዘረዘሩት ሰዎች መካከል ዋሽንግተን ተቀምጠው ይሠሩ የነበሩ አምስት የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ጋዜጠኞች ነበሩበት። የአገር ውስጦቹ ቃሊቲ ወረዱ። የአምስቱ ክስ በ1998 ዓ.ም. አጋማሽ ተነሣ፤ እነሱ ግን ቀድሞውንም የፍርድ ቤቱ እጅ ከማይደርስበት ቦታ ነበሩ።

ተናጋሪው ከእጅ ሲርቅ መንግሥት የሚቀረው ሞገዱ ነው። የምከራከረውም ይህንን ነው፦ የሬዲዮ አፈና ድንበር የሚሻገር እስር ሆኖ ሳለ፣ በጎረቤት አገሮች መካከል ያለውን የፍሪኩዌንሲ ግንኙነት የሚገዛው ሕግ ድርጊቱን ከተበላሸ ማሰራጫ ለይቶ የሚያይበት ዓይን የለውም።

የአገራችን የሬዲዮ ታሪክ የሚነሣው ቃሊቲ ካለችበት ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ነው። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ጣቢያ ጥር 23 ቀን 1927 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመረቀ። ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ነፋስ ስልክም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሽቦ አልባ መሣሪያ እንደሆነ ይነገራል። በነፋስ የሚሄድ ስልክ፦ አማርኛ ለሬዲዮ ከዚህ የተሻለ ስም እስካሁን አላወጣም ባይ ነኝ። ጣቢያው በተመረቀ በስምንት ወሩ የገንቢው አገር ጦር መረብን ተሻገረ። ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም፣ ለአሜሪካ አድማጮችም ጭምር፣ ስለ ወረራው የተናገሩት በዚሁ ጣቢያ ነው። የአንድ ደካማ አገር ድምፅ ማንም ሳይከለክለው የሌሎችን ሰማይ አቋርጦ መሰማቱ ያኔ ለኢትዮጵያ የሕልውና ጉዳይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ስናነብ ይህ መነሻ ከዐይናችን ባይጠፋ እመርጣለሁ።

የፍሪኩዌንሲ ቅንጅት በተግባር እንዴት ይሠራል? መልሱ እንደ ሞገዱ ዓይነት ይለያያል። ለመካከለኛ ሞገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ጄኔቫ ላይ የተደረገው ስምምነት አፍሪካን፣ አውሮፓንና እስያን በአንድ ዕቅድ አስገብቶ ጣቢያዎችን በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ደረደራቸው። የቆየ የኢትዮጵያ ሬዲዮ አድማጭ በቃሉ የሚያውቀውን 873 ለ9 ያካፍል፤ ያለ ቀሪ 97 ያገኛል። ቁጥሩ ጄኔቫ ላይ ከተሠራ መሰላል አንዱ እርከን ነው። ለኤፍ ኤም ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የጄኔቫ ስምምነት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ክልል ይገዛል። የኤፍ ኤም ሞገድ በአመዛኙ ዐይን እስከሚያየው ድረስ ስለሚሄድ ዋናው ጉዳይ አንቴናው የቆመበት ከፍታ ነው። ፉሪ ተራራ ላይ ያለ ማሰራጫ ለድንበር አያሰጋም፤ ሞያሌ፣ መተማ ወይም ቶጎ ጫሌ ላይ ሲሆን ግን ጎረቤት ከተማ የምትገኘው ከመንገድ ማዶ ነው። አዲስ ጣቢያ የሚያቅደው አገር ቦታውን፣ ኃይሉን፣ የአንቴናውን ቁመትና አቅጣጫ በዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ቢሮ በኩል ያሳውቃል፤ ሊነካ የሚችለው ጎረቤት ይመልሳል፤ በተቀመጠው ጊዜ ያልመለሰ እንደተስማማ ይቆጠራል። ሥርዓቱ ደረቅ ነው፣ ግን ይሠራል። የሚሠራውም ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ሕዝብ የየራሳቸውን ጣቢያ ጥርት አድርጎ እንዲሰማ ስለሚፈልጉ ይመስለኛል።

አጭር ሞገድ ላይ ስንደርስ ይህ የጋራ ጥቅም ይላላል። የኅብረቱ የሬዲዮ ደንቦች አንቀጽ 23 ከ5,060 ኪሎ ኸርዝ በታች ወይም ከ41 ሜጋ ኸርዝ በላይ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች በመርህ ደረጃ በገዛ አገራቸው ወሰን ውስጥ ጥሩ አገልግሎት ለመስጠት ከሚያስፈልገው ኃይል በላይ እንዳይጠቀሙ ይከለክላል፤ ትንሽ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ መስክ ከዚህ ገደብ ነፃ ነው። እዚያ ያለው ሞገድ ከአዮኖስፌር እየነጠረ የሚወርደው መቶና ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ዘሎ ነው፤ ድንበር መሻገር ጠባዩ ነው። ስለዚህ ለአጭር ሞገድ ቋሚ ዕቅድ የለም። በደንቦቹ አንቀጽ 12 መሠረት ፕሮግራሙ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ይቀየራል፤ ከዚያ በፊት የጣቢያዎቹ መሐንዲሶች ተሰብስበው ማን በየትኛው ሰዓት በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ወደየት እንደሚያሰራጭ ግጭቱን ለቅመው ያቃናሉ። እነዚህ ጉባኤዎች የበረቱት ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃና የሶቪየት አፈና እ.ኤ.አ. በ1988 ሲቆም ነው። ትናንት እርስ በርስ ሲተፋፈኑ የነበሩ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሰዓት ይከፋፈሉ ጀመር።

ይህ መንፈስ ወደ አፍሪካ ቀንድ ሙሉ በሙሉ አልደረሰም። በአካባቢያችን አጭር ሞገድ የተለመደው እንደ ጦር መሣሪያ ነው። የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ድምፂ ሓፋሽ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲነሣ፣ ድምፂ ወያነ ሲከተለው፣ በዚያድ ባሬ ላይ ያመፁ ሶማሊያውያን ከኢትዮጵያ ምድር ሲያሰራጩ፣ ማንም ፍሪኩዌንሲውን ለጄኔቫ አላሳወቀም። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ጦርነት በኋላ ይኸው ልማድ የሁለት ነጻ መንግሥታት ልማድ ሆነ።

አንዱን ጉዳይ ዘርዘር አድርጌ ልየው፤ የሕጉን ቀዳዳ ከሌላው ሁሉ አጥርቶ ያሳያልና። እ.ኤ.አ. የ2003 የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ከ7,100 እስከ 7,200 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ክልል በእኛው የዓለም ክፍል ከማርች 29 ቀን 2009 ጀምሮ ለአማተር ሬዲዮ ሰጠ፤ ብሮድካስተሮች ወደ ላይ እንዲወጡ ተወሰነ። አስመራ ግን እዚያው ቀረች። አዲስ አበባም ብትሆን 7,110ን ለዓመታት አልለቀቀችም። አማተሮቹ፣ በተለይ ጀርመን ያሉት፣ በምሽት መሣሪያቸውን ሲከፍቱ የኤርትራ ሬዲዮን ሰሙ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሰፊ ቦታ የሚይዝ፣ እንደ ፏፏቴ የሚንሿሿ ድምፅ። የክትትል ሪፖርቶቻቸው የድምፁ ምንጭ ኢትዮጵያ ናት ሲሉ በየወሩ ይመዘግቡ ነበር። አዲስ አበባን ከአስመራ የሚለያቸው ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ርቀት ለማፈን የተላከ ጩኸት ፀሐይ ስትጠልቅ ሜዲትራንያንን ተሻግሮ ባቫሪያ ይወርዳል።

እንግዲህ ሕጉ ማንን ይሰማል? የኅብረቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 45 አባል አገሮች በሌላው ጣቢያ ላይ ጎጂ ጣልቃ ገብነት እንዳያደርሱ ያዝዛል፤ የሚጠብቀው ግን በደንቡ መሠረት የሚሠራን ጣቢያ ነው። የኤርትራ ሬዲዮ በአማተሮች መንደር ሰፍሮ ሳለ ታፈንኩ ብሎ ጥበቃ ሊጠይቅ አይችልም ነበር። አፋኙም በሬዲዮ ደንቦቹ አንቀጽ 15 የተከለከለውን፣ አስፈላጊ ያልሆነና ማንነቱን የማይገልጽ ምልክት እያሰራጨ ነበር። ከሦስቱ መሐል ንጹሕ የሕግ አቋም ይዞ የቀረው ሻዩን እየጠጣ ከጓደኛው ጋር በሞርስ ሊያወጋ የተቀመጠው አውሮፓዊ አማተር ነው። ሊታፈንበት የታሰበው የትግርኛ ወይም የአማርኛ አድማጭ በሰነዱ ውስጥ ስሙ የለም።

የአሜሪካ ድምፅና የዶይቸ ቬለ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የተለየ ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረው የዶይቸ ቬለ አማርኛ ክፍልም ሆነ በ1982 የተጀመረው የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ክፍል በተቀናጀ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ ነበሩ፤ ስለዚህ የአንቀጽ 45 ጥበቃ ይገባቸው ነበር። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በይፋ ያቀረቡት ምክንያት ቴክኒካዊ አልነበረም፦ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል የሩዋንዳውን ሬዲዮ ሚል ኮሊን መጥፎ ልማዶች ወስዷል፣ ስለዚህ መሣሪያው ሲሰናዳ ማፈን ተገቢ ነው የሚል ነበር። ክርክሩን በማጣጣል ማለፍ ለምሁር አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1994 ኪጋሊ ውስጥ ሬዲዮ ሰው አስገድሏል፤ ያኔ ማፈን የተጠየቀው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ዘዴው ውድና ውጤት አልባ ነው ብሎ መተዉ እስከ ዛሬ ያስወቅሰዋል። ቅስቀሳን የሚከለክል የሬዲዮ ስርጭት ውልም ቢሆን አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የመንግሥታቱ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1936 ጄኔቫ ላይ አስፈርሞታል። ውሉ ሲፈረም አዲስ አበባን ጣሊያን ከያዘ ወራት አልፈው ነበር።

ነገር ግን ንጽጽሩ አይገጥምም። ሚል ኮሊን ከዚያው ከኪጋሊ በኤፍ ኤም የሚያሰራጭ፣ መንግሥቱ ከፈለገ በአንድ ቀን ሊዘጋው የሚችል ጣቢያ ነበር። የኅብረቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 አንድ መንግሥት ለጸጥታው አደገኛ የሆነን የግል መልእክት በአገሩ ሕግ እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል፤ በሌላ አባል አገር በተመዘገበ ፍሪኩዌንሲ ላይ ጩኸት መልቀቅን ግን ከዚያ አንቀጽ ማውጣት አይቻልም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ገና እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1950 በውሳኔ 424 የሬዲዮ አፈናን አውግዟል። የሕግ መልሱ ግልጽ ነው። የጎደለው ይህን መልስ ከፍ አድርጎ የሚጠይቅ ወገን ነው፤ ተጎጂው ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ ይቀይራል፣ አድማጩ ሬዲዮኑን እየጠመዘዘ ያሳድደዋል፣ ፋይሉም እዚያው ይቀራል።

የሳተላይቱ ምዕራፍ አጭር ቢሆንም ጎረቤቶችን የነካው እሱ ነው። በግንቦት 2006 ዓ.ም. ቢቢሲ፣ ዶይቸ ቬለና ፍራንስ 24 በአረብሳት ላይ የሚተላለፉ ጣቢያዎቻቸው መታወካቸውን በጋራ አወገዙ፤ የሳተላይቱ ባለቤት የጩኸቱ መነሻ ከኢትዮጵያ ውስጥ እንደሆነ ገለጸላቸው። ወደ ሳተላይት የተተኮሰ ጩኸት አንዱን ቻናል መርጦ አይመታም፤ በአንድ ተቀባይ መስመር የሚጓዙትን ሁሉ ያጠፋቸዋል። ጠበኛ ተብሎ የታየን ጣቢያ ለማፈን የተላከው ካይሮና ቤሩት ቤቱ ተቀምጦ ኳስ የሚያየውንም ሰው ስክሪን ያጨልማል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ፣ አንድ አስተዳደር በሥልጣኑ ሥር ያለ ጣቢያ ደንቡን እንደጣሰ መረጃ ሲደርሰው እውነቱን አጣርቶ እርምጃ እንዲወስድ የሚያስገድድ ቃል በአንቀጽ 15 ላይ አስፍሮ ነበር። ጥሩ ቃል ነው። ጣሹ ራሱ መንግሥት ሲሆን ግን አጣሪውም ያው ነው።

ከሦስቱ ጣቢያዎች የጋራ መግለጫ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2006፣ “ዞን ዘጠኝ” በሚል ስም ይጽፉ የነበሩ ጦማሪያን ታሰሩ፤ ከማዕከላዊም ወደ ቂሊንጦና ቃሊቲ ተላለፉ። ስሙ ራሱ የቃሊቲ ልጅ ነው፦ ማረሚያ ቤቱ በስምንት ዞን የተከፈለ ነውና፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው የሚል የታሳሪዎች ፌዝ። በሬዲዮ ሕግ ቋንቋ ብንተረጉመው ፌዙ ትክክለኛ የሽፋን ካርታ ይሆናል። የአጥሩ ወሰን የማረሚያ ቤቱ ነው፤ የአፋኙ ማሰራጫ ሽፋን ደግሞ ዘጠነኛው ዞን፣ ከዚያም አልፎ የጎረቤት ሰማይ። ያው መንግሥት በአንድ ወር ውስጥ በእጁ ያሉትን ጸሐፊዎች በሥጋ፣ ከእጁ የራቁትን በሞገድ ሲይዝ ሁለቱን ድርጊቶች ሁለት የተለያዩ ተቋማት፣ በሁለት የተለያዩ ሕጎች፣ ያለ አንዳች ግንኙነት ተመለከቷቸው። አንዱ የሰብአዊ መብት ጉዳይ ተባለ፤ ሌላው የጣልቃ ገብነት ሪፖርት።

በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዛሬ ሞገድን የማስተዳደር ሥልጣን ይዟል፤ ጄኔቫም ኢትዮጵያን ወክሎ የሚጻጻፍ ተቋም ያስፈልጋታል። ለእንዲህ ያለ ተቋም የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው፦ ከጎረቤት አስተዳደሮች የሚደርሱ የጣልቃ ገብነት ሪፖርቶችንና የተሰጡ መልሶችን በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጣ። ሪፖርቱ የሚቀርብበት ቅጽ በሬዲዮ ደንቦቹ ዐባሪ 10 ተያይዟል። የተለካውን ፍሪኩዌንሲ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን በግሪንዊች አቆጣጠር፣ የሞገዱን ዓይነትና ስፋት፣ የተሰማበትን ብርታት፣ የመጣበትን አቅጣጫ በዲግሪ ይጠይቃል። አሁን ባለው ቅጽ ላይ ከአስመራ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቦን የሚመጣውን ዜና ሊሰማ ምሽት ላይ ሬዲዮኑን የከፈተ ሰው የሚሞላው መስመር የለም።