በዝንብ መሰል ማጥመድ፦ የፍላይ ፊሺንግ ምንነትና የግድብ ሐይቆች

በእንግሊዝኛ ፍላይ ፊሺንግ የሚባለው የዓሣ አጠማመድ ዘዴ በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌለው፣ እዚህ «በዝንብ መሰል ማጥመድ» የሚል አቻ ቀርቦለታል። ዝንብ መሰል የሚባለው ላባ፣ የእንስሳ ጠጉርና ክር በትንሽ መንጠቆ ላይ ተጠምጥሞ፣ ዓሣው የሚመገበውን ነፍሳት ወይም እጭ እንዲመስል ተደርጎ የሚሠራ ማባበያ ነው። «መሰል» የሚለው ቃል ቢቀር የሚጠመደው ራሱ ዝንቡ ይመስላልና፣ ስሙ ቢረዝምም ቃሉን መያዝ ይሻላል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በ200 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አካባቢ የጻፈው ሮማዊው ኤሊያን፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና ላባ አስረው ዝንጉርጉር ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ዘግቧል።

ይህን ዘዴ ከሌላው የሚለየው ግን ከማባበያው ይልቅ ክሩ ነው። በተለመደው አጠማመድ ትል ወይም ሊጥ የተሰካበት መንጠቆ እርሳስ ታስሮበት ሲወረወር፣ ቀጭኑ ክር የእርሳሱን ክብደት ተከትሎ ይሄዳል፤ ዝንብ መሰል ግን ክብደት የለውም ማለት ስለሚቻል፣ የሚወረወረው ወፍራሙና ከባዱ ክር ራሱ ሆኖ ማባበያው በጫፉ ባለ ቀጭን፣ ብርሃን አስተላላፊ ክር ተጎትቶ ይሄዳል። አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላ አንሥቶ ክሩ ከጀርባው አየር ላይ እስኪዘረጋ ለአፍታ ከጠበቀ በኋላ ወደ ፊት ይገፋዋል። እንቅስቃሴው የቡሄን ጅራፍ ያስታውሳል፤ ልዩነቱ እዚህ ጅራፉ ከጮኸ አጥማጁ ቸኩሏል ማለት ነው፤ ማባበያውም ተበጥሶ ሊቀር ይችላል።

ስሙ ከዘዴው ጋር የተቆራኘው ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ይታወካል፤ ወደ 25 ሲጠጋ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ሲለቀቅ ሲሆን፣ ዲንሾ አጠገብ የሚያልፈውን ወብን የመሰሉት እነዚህ ወንዞች በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚፈሱ ተስማምተውታል።

ትራውት በግድብ ሐይቅ የሚኖርበት ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ውስጥ በመሆኑ፣ ተስማሚ ገባር በሌለው ሐይቅ ዓሣው አይራባም፤ ጫጩት እያሳደጉ መጨመር የግድ ይሆናል። እንግሊዝ ውስጥ ለብሪስቶል ከተማ የመጠጥ ውሃ ተብሎ የተገደበው ብላግደን እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ ለትራውት አጥማጆች ክፍት የሆነው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ባለው ሐይቅ ዓሣው በአብዛኛው የሚመገበው፣ በደለሉ ውስጥ የሚያድጉትን፣ ቢንቢ የመሰሉ ግን የማይናከሱ ነፍሳት እጮች ስለሆነ፣ ጥሩ ዝንብ መሰል ብዙ ጊዜ በራሪ ዝንብ ሳይሆን ወደ ውሃው ገጽ የምትወጣ ቀጭን እጭ ይመስላል።

የመቐለ አንባቢ በከተማው ዙሪያ ያሉትን ግድቦች አስቦ «ትራውት እዚህስ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። መቐለ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትገኝም፣ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትግራይ ለመስኖ የተሠሩት ትንንሽ ግድቦች ጥልቀታቸው አነስተኛ ሆኖ በበጋ ይጎድላሉ፤ ደለልም ያጠቃቸዋል። ዝንብ መሰል ደግሞ የሚያባብለው በጠረን ሳይሆን በመልኩ ስለሆነ፣ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ብዙም አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ሐይቅ ጥልቅ ቢሆንም፣ ሲሞላ የውሃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,140 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ላይኛው ውሃ ለትራውት ይሞቃል፤ እንዲህ ባሉ ሞቃት ሐይቆች ደግሞ ቀዝቃዛው የታችኛው ውሃ ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ያጥረዋል።

ስለዚህ በተከዜ ትራውትን መመኘት ከንቱ ነው፤ ዘዴው ግን ከትራውት ጋር የግድ አልተጣበቀም። ሐይቁ ቆሮሶና አምባዛ አለው፤ ከእነዚህ በተጨማሪ ላቢዮባርበስ በሚባለው ወገን የሚመደቡ ዓሦች ይኖሩበታል። የዚሁ ወገን ዘመዶች የሆኑት የደቡብ አፍሪካው የቫል ወንዝ ዓሦች በዝንብ መሰል ከሚፈለጉት መካከል ናቸው። በመዝናኛ አጥማጆች ዘንድ የተለመደው ይዞ የመልቀቅ ልማድ፣ ኑሮውን በመረብ ለሚገፋው የተከዜ ዓሣ አስጋሪ፣ በተለይ የዓሣ ፈላጊው በሚበዛበት የጾም ሰሞን፣ እንግዳ ነገር መምሰሉ አይቀርም፤ ሁለቱ በአንድ ሐይቅ ላይ ጎን ለጎን እንዳይሠሩ የሚከለክል ነገር ግን የለም፤ መረቡ የሚዘረጋበትና አጥማጁ የሚቆምበት ዳርቻ አስቀድሞ ከተለየ ይበቃል።