እናትና ልጆች በዓለም በቃኝ

የላትቪያዋ ደራሲ ኖራ ኢክስቴና እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመችው ልብ ወለድ «የሶቪየት ወተት» በሚል ስም ይታወቃል። በመጽሐፉ ውስጥ በሶቪየት አገዛዝ የምትኖር አንዲት ሐኪም፥ የራሷ ምሬት ወደ ሕፃኗ እንዳይተላለፍ ስትል ጡቷን ትከለክላታለች። ሶቪየት ኅብረት ይደግፈው በነበረው በደርግ ዘመንስ በአገራችን እናትና ልጅ ምን ደረሰባቸው? ለዚህ የልዕልት ተናኘ ወርቅን ቤተ ሰብ እንደ ምሳሌ እንመለከታለን።

ልዕልት ተናኘ ወርቅ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት በ1904 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸውን ራስ ደስታ ዳምጠውን በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ገደሉባቸው። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ አባታቸውን ከዙፋን ሲያወርድ፥ እሳቸውም ከሴቶች ልጆቻቸው ከአይዳ፥ ከሂሩት፥ ከሰብለና ከሶፊያ ጋር ታሰሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ወንድ ልጃቸው ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ 60 ከሚሆኑ ሰዎች ጋር በከርቸሌ ግቢ ተረሸኑ። ኋላ እናታቸውና እኅቶቻቸው የታሰሩበት ዓለም በቃኝም በዚሁ ግቢ ነበረ።

እነዚህ ሴቶች በአንድነት ስለ ታሰሩ ቢያንስ አልተለያዩም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልዕልት አይዳና ልዕልት ሰብለ ራሳቸውም የልጆች እናቶች ነበሩ፤ ከእናታቸው ጋር ያኖራቸው ግድግዳ ከልጆቻቸው ለያቸው። የልዕልት ሰብለ ባለቤት፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ደጃዝማች ካሣ ወልደ ማርያም፥ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። እንዲህም ሆኖ እናትን ፋሺስት፥ ልጅን ደርግ መበለት አደረጋቸው። ከታሳሪዎቹም አንዷ ልዕልት እጅጋየሁ አስፋ ወሰን በ1969 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሲያርፉ፥ ልጆቻቸው ወደ ኬንያ ተሰደዱ።

ሴቶቹ የተፈቱት በ1980 ዓ.ም. ነው። ሲታሰሩ 62 ዓመታቸው የነበረው እናት ሲፈቱ 76 ሆኗቸው ነበር። በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ በአራስነት የተለዩት ሕፃን ለአቅመ ሔዋን ይደርሳል።

ዓለም በቃኝ ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት በ2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ከገርጂ ተነሥቶ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ወደ ሳር ቤት የሚያልፍ ተማሪ ሕንፃውን እንጂ የወህኒውን ግድግዳ አያይም። የልዕልቶቹ ታሪክ ከታወቁ ቤተ ሰቦች ስለ ነበሩ ተጽፎ ቆይቶናል። በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ያጡት የየሰፈሩ እናቶች ታሪክ ግን በአብዛኛው ከቤት አልወጣም። ልጅን እንዳይመረው ብሎ ዝም ማለት፥ እንደ ሐኪሟ፥ ከምሬቱ ጋር ወተቱንም መከልከል ነው። ስለዚህ እናቶቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ የኛ የተማሪዎች ተግባር ነው እንላለን።