የቤት ውስጥ ደኅንነት በአውስትራሊያ፤ አዲስ ሰፋሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

ወደ አዲስ አገር የገባ ሰው ስለ ደኅንነቱ ሲያስብ በቅድሚያ የሚሰጋው ከሌባና ከማያውቀው ጎዳና ነው። ይሁንና በአውስትራሊያ ኑሮን ለሚጀምር ቤተሰብ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሹ አደጋዎች ከበር ውጭ ብቻ አይገኙም። በትውልድ አገር ያለ ችግር ሲከወኑ የኖሩ ልማዶች በርና መስኮቱ ገጥሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጡ ይችላሉ። በቋንቋ፣ በገንዘብ ወይም በቪዛ ስጋት ሳቢያ እርዳታ ሳይጠሩ መዘግየት ደግሞ ጉዳቱን ያከፋዋል።

ከሰልና የማይታየው ጋዝ

በኢትዮጵያ የቡና ከሰል ብዙውን ጊዜ የሚቀጣጠለው በረንዳ ላይ ወይም ነፋስ በሚያገኘው ማድ ቤት ነው። ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት የሜልበርን የክረምት ወራት ግን ቅዝቃዜውን ለመከላከል ቤቱ ይዘጋል። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሰኘ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ መጥፋቱ ጋዙም መጥፋቱን አያመለክትም።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በተመሳሳይ ጊዜ እንዲህ ከተሰማቸው ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሁሉም ወዲያውኑ ወደ ውጭ ወጥተው እርዳታ መጥራት አለባቸው። የተኛ ሰው ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ከሰልም ሆነ ባርቤኪው መንደድ ያለበት ከቤትና ከጋራዥ ውጭ፣ በገላጣ ስፍራ ብቻ ነው። ለቤት ውስጥ ቡናና ዕጣን የኤሌክትሪክ ምድጃና የኤሌክትሪክ ማጨሻ መጠቀም ይቻላል። በአግባቡ ያልተያዘ የጋዝ ማሞቂያም ይህንኑ ጋዝ ሊያመነጭ ይችላል። በቪክቶሪያ ከማርች 29 ቀን 2021 ወዲህ በተፈረሙ የኪራይ ውሎች አከራዩ የጋዝ መሣሪያዎችን በየ2 ዓመቱ ፈቃድ ባለው ባለሙያ የማስመርመር ግዴታ አለበት።

የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ

ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ሊጮኽ ይችላል። ጩኸቱን ለማስቆም ባትሪውን ማውጣት ወይም መሣሪያውን በፕላስቲክ መሸፈን ግን አደገኛ ነው፤ ሌሊት ቃጠሎ ቢነሳ እንቅልፍ ላይ ያለን ቤተሰብ የሚቀሰቅሰው ይኸው መሣሪያ ነውና። የሚሻለው መፍትሔ ቡናውን ውጭ መቁላት፣ አለዚያም መስኮት ከፍቶ የማድ ቤቱን ጭስ መምጠጫ ማብራት ነው። መሣሪያውን በወር አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጭኖ መሞከር፣ 10 ዓመት ሲሞላውም መተካት ይገባል። በኒው ሳውዝ ዌልስ አከራዮች በየዓመቱ እንዲያስፈትሹ ሕግ ያስገድዳል።

ሌባን በመፍራት በሩን ከውስጥ የሚቆልፍ ቤተሰብም ቁልፉን መደበቅ የለበትም። እሳት ቢነሳ ሁሉም ሰው በጨለማ ውስጥ እንኳ በቀላሉ ሊያገኘው በሚችል ስፍራ መቀመጥ ይኖርበታል።

እርዳታ እንዴት ይጠራል?

ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ እሳት ሲነሳ ወይም ወንጀል በመፈጸም ላይ ሳለ የሚደወለው ወደ ትሪፕል ዜሮ፣ ማለትም 000 ነው። ጥሪው ነጻ ነው። እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው በቅድሚያ «ፖሊስ»፣ «ፋየር» ወይም «አምቡላንስ» ይላል፤ ከዚያም ስልኩን ሳይዘጋ «አምሃሪክ» ብሎ ቋንቋውን በመግለጽ አስተርጓሚ ይጠይቃል። ልጆችን ጨምሮ ሁሉም የቤተሰብ አባል የመኖሪያ አድራሻውን በእንግሊዝኛ መናገር መለማመድ አለበት።

አስቸኳይ ላልሆነ የፖሊስ ጉዳይ 131 444፣ ለጎርፍና ለማዕበል እርዳታ 132 500 ያገለግላሉ። ከ1973 ጀምሮ የሚሠራው የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት ደግሞ በ131 450 ቀንና ሌሊት ይገኛል።

ሜዲኬር የአምቡላንስ ወጪ አይሸፍንም። በኩዊንስላንድና በታዝማኒያ ነዋሪዎች አይከፍሉም፤ በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ግን ስለ መድን፣ ስለ አባልነት ወይም ስለ ቅናሽ ካርድ አስቀድሞ ማጣራት ይጠቅማል። የክፍያ ስጋት ለሞት የሚያሰጋን ሕመም ለማዘግየት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ቪዛ ማስፈራሪያ ሲሆን

በቤተሰብ አባል የሚፈጸም ጥቃት በአውስትራሊያ ሕግ የሚያስጠይቅ እንጂ የቤት ምሥጢር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። «ቪዛሽን አሰርዛለሁ» የሚል ዛቻ ተጎጂዎችን ዝም ለማሰኘት ይውላል። ሆኖም ቪዛ የመሰረዝ ሥልጣን የመንግሥት እንጂ የትዳር ጓደኛ አይደለም። የፍልሰት ሕጉም በትዳር ቪዛ ሂደት ላይ ያሉ ሰዎች በጥቃት ሳቢያ ቢለያዩ እንኳ ለቋሚ ነዋሪነት ያቀረቡት ማመልከቻ ሊቀጥል የሚችልበት ድንጋጌ አለው። ለምክርና ለድጋፍ በ1800 737 732 በማናቸውም ሰዓት መደወል ይቻላል።

ይህንኑ ስጋት አጭበርባሪዎችም ይጠቀሙበታል። የግብር ወይም የፍልሰት ባለሥልጣን ነኝ እያለ በስልክ እስር የሚዝትና በስጦታ ካርድ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው። ተገቢው ምላሽ ስልኩን ዘግቶ በመሥሪያ ቤቱ ይፋዊ ቁጥር ራስ ደውሎ ማጣራት ነው።

አዲስ ቤት በተገባበት ቀን የጭስ ማስጠንቀቂያውን መሞከር፣ የቁልፉን ቦታ መወሰን፣ አድራሻውንና እነዚህን ቁጥሮች ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው።